ከወንበር መነሳት

አባቴ ከሶፋው ሊነሳ ሲል "እህ" ይላል። ማቃሰት አይደለም። ከባድ ዕቃ የሚያነሳ ሰው የሚያወጣት ዓይነት አጭር ድምፅ ናት። መጀመሪያ ወደ ፊት ዘንበል ይላል። አንዴ ይወዛወዛል፣ ሁለቴ ይወዛወዛል፣ በሦስተኛው ይሞክራል። አንዳንዴ ይሳካለታል። አንዳንዴ ደግሞ ተመልሶ ዘፍ ይልና ምንም እንዳልተፈጠረ ቴሌቪዥኑን ያያል። እኔም ምንም እንዳላየ ሰው ስልኬን እነካካለሁ። እጄን ከዘረጋሁለት መልሱ "ተዪኝ፣ እነሳለሁ" ነው።

ጉልበቱ ነው አልን። ዕድሜ ነው አልን። ሐኪም አየው፣ ክኒን ታዘዘለት፣ ቅባት ተገዛ። ሶፋውን የጠረጠረ ማንም የለም። እንዴት ይጠረጠራል? አዲስ ነው፣ ያምራል፣ ሲቀመጡበት ደግሞ ሰውነትን ዋጥ ያደርጋል። የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ሦስት ደቂቃ ተቀምጬበት "ይሄ ነው" ያልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ሜትር አምጥቼ ለካሁት። ከወለሉ እስከ መቀመጫው 38 ሳንቲ ሜትር። አባቴ ሲቀመጥበት ስፖንጁ ይሰምጥና 31 ይሆናል። ከዚያ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ለካሁ። 45። ከእሱ ላይ ሲነሳ "እህ" ብሎ አያውቅም። ያው ሰው፣ ያው ጉልበት።

ስለ ወንበር ማንበብ የጀመርኩት ከሶፋው በፊት ነው። ወንበር ይስበኛል። ሰው ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ ሰውን የሚመስለው እሱ ነው። እግር አለው፣ ጀርባ አለው፣ ክንድ አለው። በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መቀመጫ ስንል ዕቃውም ነው፣ ዕቃው ላይ የሚያርፈው የሰውነት ክፍልም ነው። ቋንቋችን ሁለቱን መለየት የሰለቸው ይመስላል።

ስልኬ ላይ የወንበር ፎቶ የማጠራቅምበት ፎልደር አለኝ። ሶፋውን ከለካሁ በኋላ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሰው የለበትም። ነጭ ግድግዳ፣ ጥሩ መብራት፣ ባዶ ወንበር። አልፎ አልፎ ሰው ካለም ቀጭን ወጣት ናት፣ ጫፉ ላይ ለአመል ያህል ተቀምጣ። ከወንበር ሲነሳ ፎቶ የተነሳ ሰው ግን አንድም አላገኘሁም።

አሁን ወንበር ላይ ከሆናችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። እግራችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ጀርባችሁን ከመደገፊያው ሳታላቅቁ ተነሱ። አይሆንም። ጉልበት ስላጣችሁ አይደለም። የሰውነት ክብደት ከእግር በላይ ካልመጣ ማንም አይነሳም፣ ስፖርተኛም ቢሆን። ስለዚህ ሁለት ነገር የግድ ነው። እግር ወደ ኋላ፣ ከጉልበት ሥር መግባት አለበት። ደረት ደግሞ ወደ ፊት መምጣት አለበት፣ አፍንጫ ከእግር ጣት ትይዩ እስኪመጣ ድረስ።

ይህን ካወቁ በኋላ ወንበር ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሚታየው። ከመቀመጫው ሥር በፊት በኩል ባዶ ቦታ አለ ወይ? እንደ ሣጥን የተደፈነ ከሆነ ተረከዝ የት ይገባል? መቀመጫው ወደ ኋላ ምን ያህል ያዘቀዝቃል? የእጅ ማሳረፊያው እስከ ፊት ጠርዝ ይመጣል ወይስ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል? የሚነሳ ሰው እጁን የሚፈልገው ከፊት ነው። የኔ ሶፋ በሁሉም ወደቀ። ማሳረፊያው እንኳን ለስላሳ ስለሆነ ሲጫኑት አብሮ ይሰምጣል።

ኤሮን የሚባለውን የቢሮ ወንበር ስሙን ባታውቁም ሳታዩት አትቀሩም። ጥቁር፣ ስፖንጅ የሌለው፣ ወንፊት የመሰለ ነገር የተወጠረበት። ኸርማን ሚለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው ያወጣው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ ናቸው።) ዲዛይነሮቹ ቢል ስተምፍ እና ዶን ቻድዊክ ናቸው። የኢንተርኔት ኩባንያዎች ሲፈሉ የእነሱ መለያ ሆነ። ሀብታም ወጣት ፕሮግራመር የሚቀመጥበት ወንበር ማለት እሱ ነበር።

አመጣጡ ግን ከአረጋውያን ነው። በ1980ዎቹ ሁለቱ ሰዎች ለአረጋውያን የሚሆን መቀመጫ ያጠኑ ነበር። አዛውንቶች ቀኑን ሙሉ የሚውሉበትን፣ ወደ ኋላ የሚዘረጋውን ትልቁን የሳሎን ወንበር ተመለከቱ። ማንሻውን ለማግኘት ሰውየው ተጠማዞ መንጠራራት አለበት። የስፖንጁ ነገር ደግሞ ይብሳል። ሙቀትና ላብ ይይዛል፣ ብዙ የሚቀመጥ ሰው ቆዳው ይቆስላል። እነሱ የሠሩት ወንበር ሳራ ይባል ነበር። የኔን ልብ የነካው አንድ ዝርዝሩ ነው። የእግር ማሳረፊያው ሲታጠፍ ከመቀመጫው ሥር ተሰብስቦ ይገባል፣ የሚነሳው ሰው እግሩን ወደ ኋላ የሚያስገባበት ቦታ እንዲያገኝ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አዛውንት ሲነሳ አይቷል ማለት ነው። ደጋግሞ አይቷል።

ሳራ ገበያ ላይ አልወጣም። ኩባንያው ተወው። ስፖንጁን አውጥቶ በተወጠረ መረብ መተካት የሚለው ሐሳብ ግን አልሞተም፣ ወደ ቢሮ ወንበር ተሻገረ። ገላ ቁስል እንዳያወጣ የታሰበው መረብ የፕሮግራመሮች ኩራት ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሳያውቁት ለወጣቶቹ ወንበር ሠሩላቸው፣ ለራሳቸው ግን ሳያገኙ ቀሩ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ትንሽ እናደዳለሁ።

ኤሮን ሌላም ነገር ነበረው። በሦስት መጠን ነው የመጣው፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ። እንደ ጫማ ማለት ነው። ይህ ምን ያስደንቃል የሚል ሰው ቁመቱ መካከለኛ መሆን አለበት።

እኔ 1.54 ሜትር ነኝ። በአንድ ወቅት የሠራሁበት ቢሮ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ወንበር ገዛልን። አለቃችን ደስ ብሎት "ኤርጎኖሚክ ነው" አለን፣ ለሰው አካል የሚስማማ ማለቱ ነው። ቃሉን ሦስት ጊዜ ደገመው። ወንበሩ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ግን የመቀመጫው ጥልቀት አይስተካከልም። ጥልቀት የምለው ከፊት ጠርዝ እስከ መደገፊያው ያለውን ነው። ጀርባዬን ካስደገፍኩ ጠርዙ ጉልበቴ ሥር፣ ለስላሳው ቦታ ላይ ይጫነኛል፣ እግሬም ከወለሉ ይንሳፈፋል። ወለሉን ልርገጥ ካልኩ ደግሞ ወደ ፊት መምጣት አለብኝ፣ ያኔ መደገፊያው ከኋላዬ ብቻውን ይቀራል። ከሰዓት በኋላ እግሬ ይደነዝዛል። በመጨረሻ ሁለት እሽግ የፕሪንተር ወረቀት ጠረጴዛዬ ሥር አስገብቼ እሱን እረግጥ ጀመር። ወረቀት ያለቀበት ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ከእግሬ ሥር ይወስድ ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ ቀውላላ ነው። ለእሱ ያው መቀመጫ አጭር ነው፣ ግማሽ ጭኑ አየር ላይ ነው። አንድ ወንበር ለሁለታችንም እኩል አልሆነም። ጠርዙና ጉልበት መታጠፊያው መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር ይባላል። የኔ ጣቴን ቀርቶ ክር አያስገባም፣ የእሱ ደግሞ ጡጫ ያስገባል።

ወንበሩ ለማን ተሠራ ታዲያ? መልሱን ያገኘሁት ስለ አውሮፕላን ሳነብ ነው። በ1950 የአሜሪካ አየር ኃይል ከአራት ሺህ የሚበልጡ ፓይለቶችን አካል ለካ። በትክክል 4,063 ነበሩ። ኮክፒቱን፣ ማለትም ፓይለቱ የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ለአማካይ ፓይለት ሊያስተካክሉ ነው። ጊልበርት ዳንኤልስ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። ለመቀመጫና ለኮክፒት የሚያስፈልጉ 10 ልኬቶችን ወሰደ፣ ቁመት፣ የደረት ዙሪያ፣ የክንድ ርዝመት እና የመሳሰሉትን። ከዚያ በአሥሩም አማካይ የሆነ ስንት ሰው አለ ብሎ ቆጠረ። ዜሮ። አንድም ሰው የለም። ረጅም ክንድ ያለው አጭር እግር አለው፣ ደረተ ሰፊው ዳሌው ጠባብ ነው። ለአማካይ ሰው የተሠራው መቀመጫ የተሠራው ለማንም አይደለም። አየር ኃይሉ ከዚያ በኋላ የሚስተካከል መቀመጫ ጠየቀ። ዛሬ መኪና ውስጥ ስትገቡ ወንበሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትገፉበት ሐሳብ ከዚህ ጋር አንድ ነው።

ታዲያ ከዚህ የወሰድኩት አንድ ጥርጣሬ አለ። የምወዳቸውን ወንበሮች ታሪክ ወደ ኋላ ስከተል ደጋግሜ የማገኘው አንድ የተወሰነ ሰው ነው፣ የሌሎች ወንበር እምቢ ያለው ሰው። በሽተኛ፣ ቁስለኛ፣ ሕፃን፣ አዛውንት።

ሕፃኑን ልውሰድ። ፒተር ኦፕስቪክ ኖርዌጂያዊ ዲዛይነር ነው። ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ልጁ የሕፃን ወንበሩ ጠቦታል፣ በአዋቂ ወንበር ሲቀመጥ ደግሞ አገጩ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፣ እግሩም ይንጠለጠላል። ኦፕስቪክ በ1972 ትሪፕ ትራፕ የተባለውን ወንበር አወጣ። ሁለት ዘንበል ያሉ የእንጨት ቋሚዎች አሉት፣ በውስጣቸው ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ከታች እስከ ላይ ተሰልፈዋል። መስመሮቹ ውስጥ ሁለት ሳንቃ ይገባል፣ አንዱ ለመቀመጫ፣ አንዱ ለእግር። ልጁ ሲያድግ ሳንቃዎቹ ዝቅ ይላሉ። የሁለት ዓመት ሕፃን የእግር ማሳረፊያ አለው፣ እኔ የፕሪንተር ወረቀት አለኝ።

ይኸው ሰው በ1979 ደግሞ ሰው ተንበርክኮ የሚቀመጥበት ወንበር ሠርቷል። መቀመጫው ወደ ፊት ያዘቀዝቃል፣ ቅልጥም ትራስ ላይ ያርፋል፣ መደገፊያ የለውም። ሞክሬዋለሁ። ወገቤ ወደደው፣ ቅልጥሜ አኮረፈ።

የፊንላንዳዊው አርክቴክት የአልቫር አልቶ ታሪክ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፊንላንድ ውስጥ፣ ፓይሚዮ በሚባል ቦታ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ይሠራ ነበር። ለበሽታው ፈዋሽ መድኃኒት ያኔ የለም። ሕክምናው ዕረፍት፣ ፀሐይና ንጹህ አየር ነው። ሕመምተኛው ለወራት ተቀምጦ ይውላል። በዚያ ሰሞን ደግሞ የዲዛይን ዓለም የሰከረው በቱቦ ብረት ነበር። ማርሰል ብሮየር የተባለ ዲዛይነር በ1925 የብስክሌት መሪ አይቶ፣ ይህ ብረት ከታጠፈ ለምን ወንበር አይሆንም ብሎ ጀምሮት፣ ሁሉም ቱቦ ያጥፍ ነበር። አልቶ ግን ቱቦው ለሕመምተኛ ገላ ይቀዘቅዛል አለ። በስሱ የተላጠ እንጨት በሙጫ ተደራርቦ የሚሠራውን ኮምፔርሳቶ ወስዶ አጠፈው። መቀመጫውና መደገፊያው አንድ ወጥ ሰሌዳ ነው፣ ላይና ታች እንደ ጥቅልል ወረቀት ተጠቅልሏል። መደገፊያው ያዘነበለበት ልክ ታማሚው ሲተነፍስ እንዲቀለው ታስቦ ነው። ጭንቅላት በሚያርፍበት በኩል አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉት። ዛሬ ይህ ወንበር ሙዚየም ውስጥ ነው፣ ሰዎች ቅርጹን ያደንቃሉ። ቅርጹ ግን ሳንባ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ኮምፔርሳቶው ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ጉዳተኛ ሄደ። ቻርልስና ሬይ ኢምስ የተባሉት አሜሪካውያን ባልና ሚስት በቤታቸው እንጨት በሙቀትና በግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ለማጠፍ ይታገሉ ነበር። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሰበረ እግር የሚታሰርበት ድጋፍ አዘዛቸው። የብረቱ ድጋፍ ቁስለኛው በቃሬዛ ሲወሰድ ንዝረቱን እያጎላ ያሠቃይ ነበር። እነሱ የእግር ቅርጽ ያለው የእንጨት ድጋፍ ሠሩ። እንጨቱ በጣም በሚጎብጥበት ቦታ እንዳይሰነጠቅ ክፍተት ተዉለት፣ ያው ክፍተት ፋሻ ማስገቢያም ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅ የተማሩትን ይዘው ወንበር ሠሩ። መቀመጫውንና መደገፊያውን በአንድ ሰሌዳ ሊያወጡ ሲሉ መታጠፊያው ላይ እየተሰነጠቀ አስቸገራቸው። ስለዚህ ለያዩት። መደገፊያ ለብቻ፣ መቀመጫ ለብቻ። ዝነኛው መልኩ የመጣው ከዚህ ሽንፈት ነው።

እስካሁን ስለ ድሮ ነው ያወራሁት። አዲሶቹስ? ፎልደሬ ውስጥ ብዙ አሉ፣ ሁሉንም ባነሳ አይመሽም አይነጋም። ከልቤ የምወደው ዮሪስ ላርማን የተባለው የኔዘርላንድ ዲዛይነር በ2006 የሠራው የአጥንት ወንበር ነው። አጥንት ጫና ባለበት ይወፍራል፣ ጫና በሌለበት ይሳሳል። ይህን የሚቀዳ ሶፍትዌር ለመኪና አካላት ተብሎ ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ ነበር። ላርማን ወንበር አስገባበት። ማሽኑ ትርፍ የሆነውን እየላጨ አወጣ። የወጣው ነገር ሥር ይመስላል፣ ጅማት ይመስላል፣ ሰው በእርሳስ ይስለዋል ብዬ አላስብም። በአሉሚኒየም ነው የፈሰሰው። በ2019 ደግሞ ፈረንሳዊው ዲዛይነር ፊሊፕ ስታርክ ከኦቶዴስክ ኩባንያ ሶፍትዌር ጋር ሆኖ ለካርቴል ኩባንያ አንድ ወንበር አወጣ። ለኮምፒውተሩ የቀረበለት ጥያቄ በአጭሩ፣ በትንሹ ቁስ የሰውን አካል እንዴት ተሸክመን እናሳርፍ የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ወዲያው የማን አካል ነው የምለው፣ የኔ ወይስ የቀውላላው?

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚንቀውን ነጩን የፕላስቲክ ወንበር አከብራለሁ። አንድ ወጥ ነው፣ ብሎን የለው፣ ሙጫ የለው። ዴንማርካዊው ዲዛይነር ቨርነር ፓንተን ከአንድ ፕላስቲክ የሚወጣ ወንበር ሲያልም ኖሮ በ1967 ለገበያ ያበቃው እንደ ምላስ የተጠማዘዘ ውበት ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ማሶኔ በ1972 ያወጣው ግን ማንም ያልዘመረለት፣ ዓለምን የሞላው ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ ሞልድ ውስጥ ይገባል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወንበር ሆኖ ይወጣል። አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ እዩት። ከመቀመጫው ሥር ትንሽ ክብ ጠባሳ አለች፣ እንደ እምብርት። ፕላስቲኩ የገባባት ናት። ከዚያች ነጥብ ተነስቶ አራቱም እግር ድረስ ፈሷል። የእጅ ማሳረፊያው ደግሞ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጠንካራ ነው፣ ከሥሩም ባዶ ነው። አባቴ ከእሱ ላይ ከኔ ሶፋ በተሻለ ይነሳል። ሶፋው በዋጋ በስንት እጥፍ እንደሚበልጠው አልናገርም፣ ያሳፍራል።

ስለ ወንበር በሚጻፉ የሚያብረቀርቁ መጽሐፎች ውስጥ ዊልቸር እምብዛም አይገባም። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥበት፣ በር የሚያልፍበት፣ የሚሠራበት ወንበር ካልተቆጠረ ምን ይቆጠራል? ኸርበርት ኤቨረስት የማዕድን ጉድጓድ አደጋ ነው አልጋ ላይ የጣለው። መሐንዲስ ጓደኛው ሃሪ ጄኒንግስ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከቱቦ ብረት፣ እግሮቹ እንደ መቀስ የሚቆላለፉ፣ ታጥፎ መኪና ውስጥ የሚገባ ዊልቸር ሠራለት። ከዚያ ለአሥርተ ዓመታት ዊልቸር ማለት ያ ሆነ። ችግሩ ሌላው ሁሉ ሲቀል እሱ ከባድ እንደሆነ መቅረቱ ነው። ሲሠራ የነበረውም ሆስፒታል እንደሚገዛው ዕቃ ነው፣ ሌላ ሰው ከኋላ እንዲገፋው።

ማሪሊን ሃሚልተን በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞተር ከሌለው፣ በነፋስ ከሚንሳፈፈው ባለ ክንፍ መንሳፈፊያ ወድቃ ሽባ ሆነች። የተሰጣት ዊልቸር ከባድ የብረት ክምር ነበር። ሁለት ጓደኞቿ እነዚያኑ መንሳፈፊያዎች የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ከምበርበት ቱቦ ወንበር ሥሩልኝ አለቻቸው። ሠሩላት። አሉሚኒየም፣ የሌላውን ግማሽ ገደማ ብቻ የሚመዝን፣ ለእሷ አካል የተስተካከለ። ከዚያ አብረው ኩባንያ አቋቋሙ። ወንበሮቹ ደማቅ ቀለም ተቀቡ። ሰው ለብስክሌት ቀለም ይመርጥ የለ? ለዊልቸር ግን እስከዚያ ድረስ የመረጠ አልነበረም። የጣላት ነገርና ያነሳት ነገር ከአንድ ቱቦ መሠራታቸው ሁሌም ይደንቀኛል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንድን የተወሰነ ሰው አስቦ፣ እሱ እንዳይቀመጥ የሚሠራ መቀመጫ። ለንደን ውስጥ የካምደን ወረዳ ከ2012 ጀምሮ ያስቀመጠው የኮንክሪት አግዳሚ አለ። ላይኛው ገጹ ሁሉ ተዳፋት ነው፣ ሰው እንዳይተኛበት። ስኬትቦርድ እንዳይንሸራተትበት፣ ዕቃ እንዳይደበቅበት፣ የተለጠፈ እንዳይጣበቅበት ታስቧል። እንደ ቴክኒክ ሥራ እጅግ የታሰበበት ነው። ያ ነው የሚያስፈራኝ፣ መታሰቡ። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያወዛግበኝ ነገር አለ። አግዳሚ መሀል ላይ የሚተከለው የእጅ ማሳረፊያ ቤት አልባው እንዳይጋደም ነው ተብሎ ይወገዛል፣ ትክክልም ነው። ግን አባቴ ያለ እሱ አይነሳም። ጫፉ ላይ ብቻ ቢተከል ለሁለቱም ይበቃ ነበር፣ ማንም ቢጠይቃቸው።

ልጅ ሆኜ አንድ አስተማሪ "ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ" ስትለኝ ኖራለች። "ወንበሩን አታወዛውዢ" ደግሞ ሁለተኛው ትእዛዝ ነበር። ዛሬ ብታነበኝ ደስ ይለኝ ነበር። የስዊድኑ ሐኪም አልፍ ናኬምሶን በ1960ዎቹ በጀርባ አጥንቶች መካከል ባለው ትራስ መሰል ዲስክ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ፣ ስንቀመጥ ከመቆም ይብሳል አለ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ የሚለው ምክር ሁሉ በዚህ ላይ ተንጠላጠለ። በ1999 ደግሞ ሃንስ ዮአኪም ቪልከ የሚመራው የጀርመን ቡድን በአንድ ፈቃደኛ ሰው ወገብ ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብቶ አንድ ቀን ያህል አዋለው። ሰውየው ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋፓስካል ሆነ (ሜጋፓስካል የግፊት መለኪያ ነው)። ያለ መደገፊያ ሲቀመጥ 0.46። ወንበር ላይ ተዝለፍልፎ ሲቀመጥ 0.27 ገደማ። መዝለፍለፉ አነሰ! አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ተዝለፍልፋችሁ ኑሩ አልልም። ግን ቀጥ ያለው ብቻ ትክክል ነው የሚለውን ሃይማኖት አስተወኝ።

ማወዛወዙስ? በ2011 ባርበር ኦስገርቢ የተባሉት እንግሊዛውያን ዲዛይነሮች ለቪትራ ኩባንያ ቲፕ ቶን የሚባል የፕላስቲክ ወንበር ሠሩ። መነሻቸው የትምህርት ቤት ወንበር ነው። ወለሉን የሚነካው የእግሩ ሥር በፊት በኩል ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ሁለት አቀማመጥ አለው። ወደ ኋላ ሲሉ እንደ ማንኛውም ወንበር ነው። ለመጻፍ ጎንበስ ሲሉ 9 ዲግሪ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ እዚያው ይቆማል። ስፕሪንግ የለው፣ ማንሻ የለው። ስሙም ሲዘነብል ከሚሰጠው ድምፅ የመጣ ይመስለኛል። ወንበር የምታወዛውዝ ልጅ ከወንበሩ ጋር እየተጣላች አልነበረም፣ የጎደለውን እያሟላች ነበር።

ወደ ሶፋው ልመለስ። ሌላ ለመግዛት አሰብኩ፣ ተውኩት። አናጺ ጠርቼ አራት የእንጨት ጉማጆች አሠራሁ፣ እያንዳንዳቸው 8 ሳንቲ ሜትር የሚያነሱ። የሶፋው እግር እንዳይንሸራተት በእያንዳንዱ መሀል ጎድጓዳ አስወጣሁ። ከስፖንጁ ሥር ደግሞ ኮምፔርሳቶ አስገባሁ። ኢምስን አስቤ ነው ብል ውሸት ነው፣ ከቁም ሣጥን ሥራ የተረፈ ነበር። አሁን ሶፋው አስቀያሚ ነው። ጫማው የሰፋው ሰው ይመስላል። ሲቀመጡበት 44 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። እኔ ስቀመጥበት እግሬ ወለሉን በጣቴ ብቻ ይነካል፣ ስለዚህ ከሱ ተፈናቅዬ ወደ ነጩ የፕላስቲክ ወንበር ተዛውሬያለሁ።

አባቴ ምንም አልተነገረውም። ማታ ዜናው ሲያልቅ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ሦስት ጊዜ ሊወዛወዝ ተዘጋጅቷል። በመጀመሪያው ቆመ። "እህ" የምትለው ድምፅ ከቆመ በኋላ ነው የወጣችው። ትንሽ ተንገዳገደ፣ ያልጠበቀው ነው። ዞር ብሎ ሶፋውን አየው። ጎንበስ ብሎ ጉማጆቹን አየ፣ ከዚያ እኔን።

"ምን አድርገሽው ነው?"

መልስ ሳይጠብቅ ተመልሶ ተቀመጠ። እንደገና ተነሳ።